ለኤስኤቲ ቃላት እንዴት ላጥና?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለኤስኤቲ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት ከነፍቻቸው እሸመድዳለሁ፤ ፈተናው ላይ ግን ይጠፉብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ዲጂታሉ ኤስኤቲ ቃል ነጥሎ ፍቺ አይጠይቅም፤ ከ25 እስከ 150 ቃላት ያሉት ምንባብ ሰጥቶ ባዶውን ቦታ በትክክል የሚሞላውን ያስመርጣል። ስለዚህ አማራጮቹን ከማየትሽ በፊት የራስሽን ቃል፣ በአማርኛም ቢሆን፣ አስገቢበት። «ሃውኤቨር» ካየሽ ሐሳቡ እንደሚገለበጥ ጠብቂ። ይልቅ የምታውቂያቸው ቃላት እንዳያሳስቱሽ እሰጋለሁ፤ «አድሬስ» ከ«ፕሮብለም» ጋር ሲመጣ አድራሻ ሳይሆን ለችግሩ መላ መፈለግ ነው።

አዲስ ቃል ስታገኚ ከነዓረፍተ ነገሩ ደብተርሽ ላይ ጻፊው። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ፍቺውን ሸፍነሽ ራስሽን ጠይቂ።