ጀልባዋ በእርግጥ ተነሥታ ነበር ወይ?
(ስለ አንድ ፎቶግራፍ ያደረግነው ክርክርና ያገኘነው ትምህርት)

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ሳምንት አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ በወረቀት የታተመ ፎቶግራፍ ይዞልን መጣ። በፎቶው ላይ አንዲት የውድድር ጀልባ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ሆዷን ለተመልካች አሳይታ ከውሃው በላይ አየር ላይ ትታያለች። ከሥሩ «ሲያትል 1955፤ በውድድር ላይ የሞተው ነጂ» የሚል ተጽፏል። ልጁ «ቲቸር፣ ጀልባ ይበራል እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ከመካከላችን ተረኛ የነበረው ወረቀቱን አየት አድርጎ «ተወው፣ የኮምፒውተር ሥራ ነው» አለው። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ ተቀምጠን የምንከታተለውም አብረን ሳቅን። ልጁ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ደወል እስኪደወል ድረስም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ማታ መኝታ ቤት ነገሩ ተነሣና ለሁለት ተከፈልን። «ሐሰት ነው» ያልነው ሦስት ምክንያት አቀረብን። አንደኛ፣ ጀልባ ከባድ ነገር ነው፤ ክንፍም የለው። ሁለተኛ፣ ከሥሯ ያለው ውሃ ብዙም አልተናወጠም። ሦስተኛ፣ ዛሬ ኮምፒውተር የማይሠራው ፎቶ የለም። ሌላው ወገን ግን «ለመሆኑ አጣርታችኋል?» ብሎ ጠየቀ። ያጣራ አልነበረም። «ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የተባለው በእኛ ደረሰ። በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ምክንያቶቹን አንድ በአንድ መረመርን።

ሀ. ስለ ክብደቷ
ነፋስ ባለበት ቀን ቆርቆሮ ተሸክሞ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቆርቆሮው ጠፍጣፋ እንደሆነ ከተያዘ ሰላም ነው፤ ፊቱ ትንሽ ቀና ካለ ግን ነፋሱ ከሥር ገብቶ ሰውየውን ጭምር ሊያነሣው ይታገላል። ሃይድሮፕሌን የሚባለው የውድድር ጀልባም በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ውሃውን የሚነካው በጥቂቱ ነው፤ ከፊት በግራና በቀኝ ባሉት ሁለት ጎላ ያሉ ክፍሎቹ፣ ከኋላ ደግሞ በፕሮፔለሩ በኩል። በቀረው አካሉ ሥር አየር ያልፋል። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ሲል አየሩ ሰፊ ሆድ ያገኛል፤ ይገፋል፤ ይበልጥ ቀና ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ነጂው የሚመልሰው ነገር አይደለም። የአየሩ ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ይኸውም ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ለ. ስለ ውሃው
ጀልባዋ ወደፊት እየሮጠች ስለምትነሣ ነጩ አረፋ ከኋላዋ ይቀራል። ትልቁ መረጨት የሚመጣው ተመልሳ ስትወድቅ ነው። ስለዚህ ከሥሯ ያለው ውሃ መርጋቱ የሐሰት ማስረጃ አይሆንም።

ሐ. ስለ ኮምፒውተሩ
«ሊሠራ ይችላል» እና «ተሠርቷል» አንድ አይደሉም። በእርግጥ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊትም ፎቶ እየተቆረጠ ይቀጠል ነበር። ስለዚህ ፎቶውን ብቻ ማፍጠጥ አይበቃም፤ ነገሩ ስለመድረሱ ሌላ ምስክር መፈለግ ያስፈልጋል።

ምስክሩንም አገኘን። ጀልባዋ ስሎ-ሞ-ሹን 5ኛ ትባላለች፤ ባለቤቷ የሲያትሉ ስታንሊ ሴይርስ፣ ነጂዋ ሉ ፌጆል ነበሩ። ፌጆል በእርሷ በ1951 እና በ1954 (እ.ኤ.አ.) የወርቅ ዋንጫ አሸንፏል። በነሐሴ 1955 በዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ለዚሁ ዋንጫ የማጣሪያ ሙከራ ሲያደርግ ጀልባዋ ተነሥታ ወደ ኋላ ሙሉ ዙር ተገለበጠችና በሆዷ ተመልሳ ውሃው ላይ አረፈች። ፌጆል ከውስጧ ተወርውሮ ክፉኛ ቆሰለ፤ ነገር ግን ተረፈ። ከዚያ ወዲያ አልተወዳደረም።

እንግዲህ ፎቶው እውነት ነው። ሐሰቱ ያለው ማናችንም ልብ ባላልነው ቦታ፣ ከሥሩ በተጻፈው ቃል ላይ ነው። አደጋው የደረሰው በማጣሪያ እንጂ በውድድሩ አልነበረም፤ ሰውየውም አልሞተም። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ሌላ አደጋ ቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል ጥር 4 ቀን 1967 (እ.ኤ.አ.) በኮኒስተን ሐይቅ ላይ ብሉበርድ በተባለች የጄት ሞተር ጀልባው የፍጥነት ክብረ ወሰን ሊያሻሽል ሞከረ። በመጀመሪያው ጉዞ በሰዓት 297 ማይል ያህል (478 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሄደ። ሲመለስ ከ300 ማይል በላይ እየበረረ ሳለ አፍንጫዋ ተነሣና ተገለበጠች፤ እርሱም ሞተ። ይህ በፊልም ተቀርጿል፤ በሬዲዮ የተናገረውም ተቀድቷል። ጀልባዋም አስከሬኑም ከሐይቁ የወጡት በ2001 ነው።

በተከታዩ ሰኞ ያው ጓደኛችን ክፍሉ ፊት ቆመና «ባለፈው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ጥያቄህ ትክክል ነበር» አለው። ልጁ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ እጥፋቱን በመዳፉ አስተካከለና «ታዲያ ነጂው ለምን ሞተ ተባለ?» አለ። ያን ዕለት ክፍሉን ያስተማረው እርሱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነገ መምህራን ነን። አንድ ሥዕል ወይም ወሬ ሲቀርብልን፦
1. የት፣ መቼ፣ ማን ብለን እንጠይቅ።
2. ፎቶውንና ከሥሩ የተጻፈውን ለያይተን እንመርምር።
3. የማናውቀውን «አላውቅም፣ አጣርቼ እመጣለሁ» ለማለት አንፈር።

የመወያያ ጥያቄ፦ ፍጥነቱ ከ80 ወደ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢያድግ የአየሩ ኃይል ስንት እጥፍ ይሆናል? መልሳችሁን ጽፋችሁ ከጋዜጣው ሥር ባለው ሣጥን ክተቱልን።