የሳንባ ማገገሚያ በስልክ፦ «ደህና ነኝ» ስንት ቁጥር ነው?

ፊዚዮቴራፒ ነው የምማረው። በዚህ ሴሚስተር ከወሰድኳቸው ኮርሶች አንዱ የልብና የሳንባ ማገገሚያ ስለነበር፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ቤታቸው ሆነው በስማርት ስልክ እንዴት እንደሚሠለጥኑ ላካፍላችሁ አሰብኩ። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ግድግዳ የሚደገፍ ወላጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ በተለይ አንብቡት።

ከእነዚህ በሽታዎች ዋናው በሕክምናው ቋንቋ ሲኦፒዲ ይባላል። የአየር ቧንቧዎች እየጠበቡ፣ የሳንባ ከረጢቶችም እየተጎዱ ሲሄዱ የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው ችግሩ አየር ማስገባት ላይ ይመስለዋል፤ በይበልጥ የሚያቅተው ግን ማስወጣቱ ነው። አሮጌው አየር ሳይወጣ አዲሱ ይደረብበታል፣ ደረት እንደተነፋ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ሞተዋል።

በምዕራቡ ዓለም ሐኪም ይህን በሽታ ሲጠረጥር ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሲጋራ ነው። አክስቴ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። ነገር ግን አሜሪካ እስክትመጣ ድረስ በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ ስትጋግር ኖራለች፤ ያንን ደግሞ ማንም ካልጠየቃት አትናገርም፣ ምክንያቱም ለእሷ ጭስ ማለት ኑሮ እንጂ የሕመም ታሪክ አይደለም። ስለዚህ እናታችሁን ወደ ሐኪም ስትወስዱ ስንት ዓመት በጭስ ቤት እንዳበሰለች፣ ሳንባ ነቀርሳ ይዟት የሚያውቅ ከሆነም እሱን ጨምራችሁ ንገሩ። ሁለቱም ለምርመራው ይጠቅማሉ።

ሥራው ያለው እግር ላይ ነው

ስለ ሳንባ ማገገሚያ ስማር ከሁሉ በላይ የገረመኝ ነገር ይኼ ነው፦ ስልጠናው የተጎዳውን ሳንባ አይጠግነውም። ሰውዬው ከስምንት ሳምንት ስልጠና በኋላ የትንፋሽ መለኪያው ውስጥ ቢነፋ ውጤቱ ከበፊቱ እምብዛም አይለይም። ሆኖም ገበያ ደርሶ ይመለሳል።

እንዴት? ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መንቀሳቀስ ይፈራል። ሲቀመጥ የጭኑና የባቱ ጡንቻ ይሟሽሻል። የደከመ ጡንቻ ደግሞ ኦክስጅንን በአግባቡ መጠቀም ስለማይችል በትንሽ ሥራ ቶሎ አሲድ ያመነጫል፤ ያን አሲድ ለማስወገድ ሰውነት ተጨማሪ ትንፋሽ ይጠይቃል። ትንፋሹ ይበልጥ ያጥራል፣ ሰውዬውም ይበልጥ ይቀመጣል። ስልጠናው ይህን አዙሪት የሚሰብረው ከእግር በኩል ነው፦ እርምጃ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ቀላል ክብደት ማንሳት። ከዚያ ላይ የአተነፋፈስ ዘዴ ይጨመራል። ከንፈርን አሹሎ አየሩን ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው፤ ከሰል ለማያያዝ እፍ እንደሚባለው ሳይሆን ትኩስ ሻይ ለማብረድ እንደሚነፋው። ይህ ቧንቧዎቹ ቶሎ እንዳይዘጉ ያደርጋል፣ የታፈነው አየርም ይወጣል።

ይህ ግምት አይደለም። በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 65 ጥናቶችንና 3822 ታካሚዎችን አካቶ ስልጠናው የትንፋሽ ማጠርንም የመራመድ አቅምንም እንደሚያሻሽል አረጋግጧል። ችግሩ ታካሚዎቹ አለመድረሳቸው ነው። በ2020 በጃማ መጽሔት የታተመ ጥናት በሲኦፒዲ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ከ197 ሺህ በላይ የሜዲኬር ተጠቃሚዎችን ሲመለከት፣ በ90 ቀን ውስጥ ስልጠናውን የጀመሩት 1.5 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከጀመሩት ውስጥ በአንድ ዓመት የሞቱት 7.3 በመቶ፣ ካልጀመሩት 19.6 በመቶ ናቸው። መጀመሪያውኑ ጠንከር ያሉት ሰዎች ጀምረው ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱን ሁሉ ለስልጠናው መስጠት አይቻልም። ቢሆንም 1.5 በመቶ የሚለውን ቁጥር ሳነብ ደነገጥኩ።

ለምን አይደርሱም ቢባል መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት፣ ማን ከሥራ ቀርቶ ይነዳቸዋል?

ስልኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው

በ2008 የታይዋን ተመራማሪዎች ስማርት ስልክ ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። የታካሚውን አቅም ለክተው፣ ለዚያ በሚስማማ ምት የተቀነባበረ ሙዚቃ በእጅ ስልኩ ሰጡት፤ እሱ በምቱ ልክ ቤቱ አካባቢ ይራመዳል። አቅሙ ሲጨምር ምቱም ይፈጥናል። (ለእኛ ሰዎች ትዝታ የሚሆን አይመስለኝም፤ ተቀምጠው ያለቅሱበታል። ጉራጊኛው ደግሞ ለመጀመሪያ ሳምንት ይፈጥናል።) በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነበር፦ አንድ ጊዜ ቤት ድረስ መሄድ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ በተራ ስልክ መነጋገር። ውጤቱ ማዕከል ሄደው ከሠለጠኑት ጋር ተመጣጣኝ ሆነ።

በ2021 ኮክሬን በቪዲዮ፣ በስልክና በድረ ገጽ የሚሰጡ ስልጠናዎችን ሲገመግም 15 ጥናቶችና 1904 ሰዎች አገኘ። ውጤቱ በአካል ከሚሰጠው ጋር ተመሳሳይ ነው፣ የደኅንነት ችግርም አልታየም። እኔን የሳበኝ ሌላው ቁጥር ነው፦ በርቀት ከጀመሩት 93 በመቶው ሲጨርሱ፣ በአካል ከጀመሩት የጨረሱት 70 በመቶ ናቸው።

ይህ ማለት ግን ከአፕ መደብር የወረደ ማንኛውም ነገር ማገገሚያ ነው ማለት አይደለም። «ዛሬ ተራምደዋል?» ብሎ የሚጨቀጭቅ አፕ ማስታወሻ ነው እንጂ ስልጠና አይደለም። እውነተኛው ስልጠና ሲጀመር ባለሙያ አቅምን ይለካል። መደበኛው የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና 30 ሜትር ኮሪደር ስለሚፈልግ፣ አፓርታማ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በአንድ ደቂቃ ስንቴ ከወንበር መነሳት እንደሚቻል መቁጠር ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ጫናው ይጨመራል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ»

ጫናው የሚወሰነው ታካሚው በሚሰጠው ቁጥር ነው። የቦርግ መለኪያ ይባላል፤ 0 ማለት ትንፋሼ ምንም አላጠረም፣ 10 ማለት ከዚህ በላይ አልችልም። በስልጠና ጊዜ የሚፈለገው ከ4 እስከ 6 ያለው ነው። ዜሮ ግቡ አይደለም፤ ትንፋሽ ካላጠረ ጡንቻው አልሠራም ማለት ነው።

አሁን አክስቴን አስቡ። ባለሙያዋ በቪዲዮ ስንት ነው ብላ ስትጠይቃት፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ሰው እንዴት ነሽ ሲል የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው፣ ለዚያውም ለማታውቃት ነጭ ሴት። የአክስቴ ልጅ በቅንነት ተርጉሞ «ደህና ናት» ይላል፣ ባለሙያዋም ዝቅተኛ ቁጥር ትመዘግባለች። በሚቀጥለው ሳምንት ጫናው ከአቅሟ በላይ ይሆናል። ማዕከል ውስጥ ቢሆን ባለሙያዋ አጠገቧ ቆማ ፊቷን ታይ ነበር። ስልክ ግን የሚያደርሰው የተነገረውንና ካሜራው የያዘውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከአክስቴ ጋር ቁጥሮቹን ከራሷ ሥራ ጋር አያያዝናቸው። 2 ማለት ጀበና ጥዳ ስትቆም ያለው፣ 4 ማለት ቡና ስትወቅጥ፣ 6 ማለት አስቤዛ ይዛ አንድ ፎቅ ስትወጣ፣ 8 ማለት መናገር ሲያቅታት። ወረቀት ላይ ጽፈን ከስልኩ ጎን ለጠፍነው። ከዚያ ወዲህ «ቡና መውቀጥ ላይ ነኝ» ትላለች፣ የአክስቴም ልጅ «አራት» ብሎ ያስተላልፋል። ለእናታችሁ ምሳሌው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ራሷ ትምረጠው።

ቁጥሩ ላይ እንድጸና ያደረገኝ ሌላም ምክንያት አለ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ የሚሠራው ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ነው። በ2020 መጨረሻ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያነበበ ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ከ88 በታች የነበረው በጥቁር ታካሚዎች ላይ 11.7 በመቶ፣ በነጮች ላይ 3.6 በመቶ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2021 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እናታችሁ ጨነቀኝ ካለች «መሣሪያው 94 ይላል» ብላችሁ አትከራከሯት። አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች መለኪያ የምትልኩ ደግሞ፣ ከተማው ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ጤነኛም ሰው ላይ ንባቡ ዝቅ እንደሚል አስታውሱ፤ ማንቂያውን በስንት ላይ ማድረግ እንዳለባቸው እዚያው ያለ ሐኪማቸው ይወስን።

ለመጀመር የሐኪም ማዘዣ ያስፈልጋል፤ በተለይ የልብ ችግር ያለበት ሰው ሳይመረመር አይጀምርም። በስልጠና መሃል የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው ይቆማል። ሐኪሙን «የሳንባ ማገገሚያ ይጻፍልን፣ በርቀት የሚሰጥ አለ ወይ?» በሉት፤ ኢንሹራንሱ የርቀቱን ይክፈል አይክፈልም አስቀድማችሁ አጣሩ። አሜሪካ ያላችሁ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት በቪዲዮው መስመር ላይ አማርኛ ተርጓሚ እንዲገባ ጠይቁ። ለመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ጎማ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስደግፎ ማስቀመጥ ነው፤ ስልኩ ደግሞ እግሯም ፊቷም እንዲታይ ራቅ ብሎ ይቁም። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ካጣፋች ትከሻዋ አይታይም፤ ለግማሽ ሰዓት እንድታወልቀው እኔ አክስቴን የለመንኩት በቡና ነው።