ያረጀ ኮምፒዩተር ደጋግሞ ሲጠፋ ምን እናድርግ?

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ኮምፒዩተር የሚጠፋበትን ምክንያት ከፍተው ከመነካካታቸው በፊት በቅደም ተከተል መለየት እንዲችሉ ነው።



በየቤታችን የሚገኘው ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ሲገለገልበት ቆይቶ የተገዛ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ሥራ ላይ እያለ ድንገት ይጠፋል፣ ሰማያዊ ገጽ ያሳያል፣ ወይም ደርቆ ይቀራል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው ጥገና ቤት ወስደን «ፎርማት» ማስደረግን ነው። ፎርማት ማለት በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ነው። የጥፋቱ ምክንያት ሙቀት ወይም መብራት ከሆነ ግን ፎርማት አያድነውም። በዲስኩ ላይ የነበረው ሰነድ ብቻ ይጠፋል። ኮምፒዩተር በሌላ ይተካል፤ ከአገር ስንወጣ ዋናውን ትተነው የመጣነው የትምህርት ማስረጃ ቅጂ ግን በቀላሉ አይተካም።

1. በመጀመሪያ ሰነድ ማዳን

ማሽኑ ሲነሣ ሌላ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሰነዶችንና ፎቶግራፎችን ወደ ፍላሽ ዲስክ ገልብጡ። አስፈላጊ የሆኑትን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ሊሞት የተቃረበ ሊሆን ስለሚችል፣ ቅጂው ለነገ አይባልም።

2. «መቼ ጠፋ?» ብሎ መመዝገብ

አንድ ደብተር አዘጋጁና ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን፣ ከተነሣ ስንት ደቂቃ እንደሆነውና ምን ትሠሩ እንደነበር ጻፉ። ሦስት አራት ቀን ከመዘገባችሁ በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል፦

ሀ. ሁልጊዜ ከተነሣ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ ይልቁንም በቀትር፣ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀትን ጠርጥሩ።
ለ. የቤቱ አምፖል ሲደበዝዝ ወይም ሲርገበገብ የሚጠፋ ከሆነ መብራትን ጠርጥሩ።
ሐ. ያለ ምንም ሥርዓት፣ አንዴ በጽሑፍ አንዴ በሥዕል ላይ፣ ሰማያዊ ገጽ ካመጣ ራምን ጠርጥሩ።
መ. ፋይል ሲከፈት ወይም ሲገለበጥ የሚደርቅ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን ጠርጥሩ።
ሠ. አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ብቻ ከሆነ ያንን ፕሮግራም ጠርጥሩ፤ ቫይረስም ፈትሹ።

ሌላም ቀላል መፈተኛ አለ። ማሽኑ ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት፣ ባዮስ የተባለውን ገጽ ክፈቱና ለግማሽ ሰዓት ተዉት። እዚያም ላይ እንዳለ ከጠፋ ጥፋቱ የዊንዶውስ አይደለም። ስለዚህ ለፎርማት ገንዘብ አትክፈሉ።

3. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ

ራሙንም ገመዱንም ፕሮግራሙንም በአንድ ቀን ከቀያየራችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እንዲሉ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምሩ።

አቧራ፦ በሐርጌሳ በጂላል፣ ማለትም በደረቁ ወራት፣ አቧራ ማራገቢያውን ይሞላዋል። ማሽኑ ሙቀቱን ማውጣት ሲያቅተው ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ይጠፋል። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትታችሁ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይዛችሁ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ላፕቶፕ ከሆነ በፍራሽና በብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡ፤ የአየር መውጫው ይደፈናል።

መብራት፦ ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በጦርነት ስትወድም የመብራት አገልግሎቷም ፈርሶ ነበር። ከ1991 በኋላ መብራቱ እንደገና የተዘረጋው በአብዛኛው በግል ድርጅቶች የናፍጣ ጄኔሬተሮች ነው። የአካባቢው ኃይል 220 ቮልት ቢሆንም፣ በደከመ መስመር ላይ ከዚያ ሲወርድ ማሽኑ ሊጠፋ ይችላል። ኮምፒዩተሩን ከካውያና ከምድጃ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ካልጠፋ፣ ጥፋቱ ከቻርጀሩ ወይም ከመስመሩ ነው።

ራም፦ ገመዱን ነቅላችሁ ራሙን አውጡ፤ የወርቅ ቀለም ያለውን ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ በቀስታ አሽታችሁ ፍርፋሪውን አራግፉና እስኪቆልፍ መልሳችሁ አስገቡ። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ አስገብታችሁ ሞክሩ፤ በማግስቱ ሌላውን። ከቪስታ ወዲህ ያሉት ዊንዶውሶች «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» የሚባል የራም መፈተሻም አላቸው።

ማዘርቦርድ፦ በላዩ ላይ የቆሙትን ትናንሽ ጣሳ መሳይ ካፓሲተሮች ተመልከቱ። አናታቸው ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ባለሙያ ይቀይራቸው። ይህ ጉድለት በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በተሠሩ ማሽኖች ላይ በብዛት ታይቷል።

4. ማስጠንቀቂያ

የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን በፍጹም አትክፈቱ። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ልጆችም ማንኛውንም ክዳን ያለ አዋቂ አይፍቱ። ወላጆች ወደ ጥገና ቤት ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሰነዶቹም ቅጂ እቤት መቅረቱን አረጋግጡ። ለጠጋኙም «ሳትነግረን ፎርማት አታድርግ» በሉት።

መልመጃ

1. አንድ ማሽን ከቀኑ 8 ሰዓት ተነሥቶ በ25 ደቂቃ ጠፋ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተነሥቶ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠራ። በመጀመሪያ የምትጠረጥሩት ምንድን ነው? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?
2. ሁለቱን ለመለየት በመጀመሪያ ቀን ምን ትለውጣላችሁ? በደብተሩ ላይስ ምን ትጽፋላችሁ?
3. ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ፣ ቢጠፉ ሊተኩ የማይችሉ የቤታችሁን ሰነዶች ዘርዝሩ። የእያንዳንዱ ሁለተኛ ቅጂ የት አለ?