ሥራን ከፋፍሎ ማየት

ጠላ የሚጠምቅ ሰው ጠላው ሲበላሽበት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ብቅሉ ነው? እንኩሮው ነው? ወይስ ጋኑ በደንብ አልታጠነም? ብሎ ይጠይቃል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ያስታውሳል።

ወገባችንን ሲያመን ግን ብዙዎቻችን እንዲህ አናደርግም። «ብርድ ነው» ወይም «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሕመሙ ግን ከሥራችን ሊመጣ ይችላል። ከየትኛው የሥራው ክፍል እንደመጣ ለማወቅ ሥራውን ከፋፍለን እንመልከት።

በሐብሩ፣ በመርሳና በወልድያ ዙሪያ ባለው ገጠር ሁላችንም የምናውቀውን ሥራ እንውሰድ። ይኸውም ከምንጭ ውሃ ማምጣት ነው።

በመጀመሪያ ሸክሙን እናስላ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላው ውሃ ብቻውን 20 ኪሎ ነው። በቀን 2 ጊዜ የምትመላለስ እናት በ5 ቀን 200 ኪሎ ትሸከማለች። ይህ 2 ኩንታል ነው! በእንስራ ከሆነ ደግሞ የሸክላው ክብደት ይጨመርበታል።

አሁን ሥራውን በ4 እንክፈለው።

1. መቅዳት። ረጅም ጊዜ ማጎንበስ ወገብን ያደክማል። ጭቃና የሚያንሸራትት ድንጋይም ሰው ይጥላል። መቆሚያውን ማደላደል ያስፈልጋል።

2. ማንሳትና ማዘል። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። የሞላውን ዕቃ ከመሬት ለማንሳት ወገብ ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛልም። ሸክም ከሰውነት በራቀ ቁጥር ወገብን ይበልጥ ይጫናል። አካፋ ጫፉን ሲይዙት እንደሚከብድ ማለት ነው።

3. መጓዝ። ገመዱ ቀጭን ከሆነ ትከሻና ደረት ይቆርጣል። ሰፋ ያለ ጨርቅ ከሥሩ ማድረግ ይጠቅማል። በዳገቱ መካከል ማረፊያ ይኑር።

4. ማውረድ። ሰውነት የሚደክመው እዚህ ሲደርስ ነው። ብቻን ማውረድ አደጋ አለው። ቤት ያለ ሰው ይቀበል።

እንግዲህ ዋናው ችግር 2ኛው ላይ ነው። መፍትሔው ግን 1ኛው ላይ ይገኛል። ከምንጩ አጠገብ እስከ ዳሌ ከፍ ያለ የድንጋይ መደብ እንሥራ። ባዶው ጀሪካን መደቡ ላይ ይቀመጥ። አንዷ ትቅዳ፣ ሌላዋ ትሙላ። ሲሞላ ጀርባን አስጠግቶ ማዘል ነው። ከመሬት ማንሳት ቀረ ማለት ነው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ድንጋዩ አለ፣ ጉልበቱም አለ።

ነፍሰ ጡርና አራስ ግን ይህንን ሸክም ጭራሽ መሸከም የለባቸውም። ከወሊድ በኋላ ቶሎ ከባድ ነገር ማንሳት ለማሕፀን መውጣት ሊያጋልጥ ይችላል። ይህ የደረሰባት እናት አትፈር፣ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ባልም ጀሪካኑን በአህያ ቢጭን ወይም ራሱ ቢሸከም ክብሩ አይቀንስም።

አንድ ነገር እናስታውስ። ሥራውን ስንከፋፍል የምንጠይቀው የሚሠራውን ሰው ነው። ውሃ ቀድቶ የማያውቅ ሰው የትኛው እንደሚከብድ አያውቅም። እናቶችና ልጃገረዶች ይናገሩ፣ ሌሎቻችን እንስማ፣ እንጻፍ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ?

ጥያቄዎች

1. በቀን 3 ጊዜ 20 ሊትር ውሃ የምታመጣ ሴት በ5 ቀን ስንት ኩንታል ትሸከማለች?
2. በምንጫችሁ አጠገብ መደብ የት ቢሠራ ይሻላል?
3. ማሽላ ማጨድን ወይም አረምን ከፋፍላችሁ ጻፉ። ወገብን የሚጎዳው የትኛው ክፍል ነው? ምን ይደረግ?