ፊውዝ ደጋግሞ የሚያቃጥል የድምፅ ማጉያ

ጥያቄ፦ የአንድ አምፕሊፋየር ፊውዝ በተቀየረ ቁጥር ወዲያው የሚቃጠለው ለምንድን ነው? ጥገናውስ ከየት ይጀመራል?

መልስ፦ ፊውዝ ደጋግሞ መቃጠሉ ብዙውን ጊዜ ሾርት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ከመጠን በላይ የሚፈስበት አቋራጭ መንገድ መፈጠሩን ስለሚያመለክት፣ ከፍ ያለ አምፒር ያለው ፊውዝ መተካት ጉዳቱን ወደ ትራንስፎርመሩ ከማዛመት በቀር ፋይዳ የለውም። በአብዛኛው የሚበላሹት ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሱት የመውጫ ትራንዚስተሮች ወይም ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡት ዳዮዶች ናቸው።

በመጀመሪያ ማጉያው ከሶኬት ይነቀላል፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከዚያም በኋላ አደገኛ ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ በ100 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ይራገፉና ቮልቴጁ ወደ ዜሮ መውረዱ በመልቲሜትር ይረጋገጣል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ የመውጫ ትራንዚስተር ኮሌክተርና ኤሚተር እግሮች መካከል ሲለካ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 0 ኦም የተጠጋ ንባብ ከታየ፣ ትራንዚስተሩ ከቦርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይፈተሻል። አንዱ ከተቃጠለ ጥንዱና እነርሱን የሚነዱት ድራይቨር ትራንዚስተሮችም አብረው ሊጎዱ ስለሚችሉ ሁሉም ይመረመራሉ፤ አዲሱ ሲገጠምም በእርሱና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ስስ የሚካ መከላከያ መዘንጋት የለበትም።

ከጥገናው በኋላ ስፒከር ሳይገናኝ፣ በመብራቱ መስመር ላይ ባለ 60 ዋት የክር አምፖል በተከታታይ ገብቶ ማጉያው ይበራል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ምልክት ሲሆን፣ ደምቆ ከቀረ ግን ሾርቱ አልተወገደም። በመጨረሻም በስፒከር መውጫው ላይ ያለው ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይለካል፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ በአብዛኛው ደህና ነው፣ ብዙ ቮልት ከታየ ግን የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ ስለሚያቃጥል ስፒከር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም።