መጽሐፍና ትውፊት በቀደሙት አበው ዘንድ

ኦርቶዶክሳውያንና ወንጌላውያን ጎረቤት ሆነው በሚኖሩበት እንደ ካማሺ ባለ አገር የምእመናን ልጆች አንድ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ ይኸውም «የቀደሙት አበው ሥልጣን ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው ብለዋል፤ እናንተ ትውፊትን ከየት አመጣችሁት?» የሚል ነው። መልስ ያጣ ወጣት ወይ በሃይማኖቱ ይጠራጠራል፣ ወይ ጎረቤቱን ይሳደባል። ሁለቱም ጉዳት ነውና ነገሩን ከአበው እንመርምር። ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን እውነቱን እንመስክር። ቅዱስ አትናቴዎስ ቅዱሳት መጻሕፍት እውነትን ለመግለጥ የሚበቁ መሆናቸውን ጽፏል። የኢየሩሳሌሙ ቅዱስ ቄርሎስም በ350 ገደማ ንኡሰ ክርስቲያንን ሲያስተምር፣ ከመጽሐፍ ማስረጃ ያልቀረበበትን ነገር ከእርሱ እንኳ እንዳይቀበሉ አስጠንቅቋል። ስለዚህ መጽሐፍን የሚቃረን ትውፊት በአበው ዘንድ ስፍራ የለውም።

ነገር ግን ይኸው ቄርሎስ፣ መጻሕፍቱ የትኞቹ እንደ ሆኑ ከቤተ ክርስቲያን እንዲማሩ፣ ጸሎተ ሃይማኖትንም በወረቀት ሳይጽፉ በልባቸው እንዲይዙ አዝዟል። ቅዱስ ባስልዮስም በ375 ገደማ ስለ መንፈስ ቅዱስ በጻፈው መጽሐፍ፣ በመስቀል ማማተብና ወደ ምሥራቅ ዞሮ መጸለይ ሳይጻፍ የተላለፈ ትምህርት መሆኑን ያስረዳል። ከሁለቱ አስቀድሞ ቅዱስ ሄሬኔዎስ በ180 ገደማ፣ ወረቀትና ቀለም ሳይኖራቸው የሐዋርያትን ሃይማኖት በቃል ጠብቀው የኖሩ አሕዛብን አመስግኗል። ይህ ለካማሺ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጉሙዝ ቋንቋ ለብዙ ዘመን በቃል እንጂ በጽሕፈት አልኖረምና።

ደግሞም ጥቅስ ብቻውን ክርክርን አይፈጽምም። አርዮስ ወልድን ፍጡር ሲል ምሳሌ 8፥22ን ይጠቅስ ነበር። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አበው ግን ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ሲመሰክሩ፣ በግሪክ «ሆሞኡስዮስ» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። ቃሉ በፊደሉ በመጽሐፍ አይገኝም፤ ምሥጢሩ ግን የመጽሐፍ ነው። አትናቴዎስም በ367 የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ሲዘረዝር፣ ከአባቶች የተቀበለውን መመስከሩ ነበር፤ ዝርዝሩ በአንዳቸውም ውስጥ ተጽፎ አይገኝምና።

እንግዲህ አበው መጽሐፍን ከሁሉ በላይ አክብረው፣ መጽሐፍን በተቀበለችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አነበቡት። አንተም ወንድማችን፣ ጎረቤትህ ጥቅስ ሲያነሣ አትቈጣ፤ መጽሐፉን ከእርሱ ጋር ግለጥ፤ ቅዱስ ጳውሎስ በቃልም በመልእክትም ያስተማረውን እንድንይዝ ያዘዘበትን 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥15ን በትሕትና አሳየው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።