ከውሾች ጋር ለመሥራት ምን ልወቅ?

ጥያቄ፦ ባለቤቶቻቸው ሥራ ሲውሉ ውሾች በሚቆዩበት ግቢ ሥራ አግኝቻለሁ። ውሻ ባለበት ቤት ስላደግሁ አልፈራም። ምን ልጠንቀቅ? (ከቡራዩ)

መልስ፦ አለመፍራትዎ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የቤትዎ ውሻ ያውቅዎታል፣ የሰው ውሻ አያውቅዎትም።

አስቀድመው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይውሰዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ከእንስሳት ጋር ለሚሠሩ ይህንኑ ይመክራል። ያልተከተበ ውሻም ግቢው እንዳይገባ ከአሠሪዎ ጋር ይስማሙ።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉታ ብዙ ውሻ ቀን ታስሮ የሚውለው ሌሊት ግቢ እንዲጠብቅ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ እንግዳ ሰውም ሌላ ውሻም አልለመደም። ስለዚህ አዲስ መጪውን በገመድ ይዘው፣ ከአንድ ረጋ ያለ ውሻ ጋር ብቻ ያስተዋውቁት። ምግብ ለየብቻ ይስጡ፤ ብዙ ጠብ የሚነሣው በምግብ ነው። ጅራት መቁላት ሁልጊዜ ደስታ አይደለም፤ ሰውነቱ ከደረቀ፣ የጀርባው ፀጉር ከቆመና ካፈጠጠ ቶሎ ይለዩት። ውሾቹ ሲጣሉ ግን እጅዎን በመካከላቸው አያስገቡ።

ከተነከሱ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ቢከተቡም እንኳ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ገዳይ ነው። አሠሪዎ የክትባቱን ወጪ አልሸፍንም ካለ፣ ሥራውን አይጀምሩ።